የቆላዋን ግራጫ ዝንብ አዳኝ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዋሽ ፓርክ ወይም ላንጋኖ ደርሶ የተመለሰ ሰው «ምን አየህ?» ሲባል ሳላ፣ ከርከሮ፣ ሰጎን ይላል። ወፍ የሚወድ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ ያሸበረቁትን ይቆጥራል። ከመኪናው አጠገብ፣ ደረቅ የግራር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታየው የነበረችውን ትንሽ አመድማ ወፍ ግን ማንም አያነሳትም። ይህ ገጽ ስለ እሷ ነው። ጥያቄዎቹ ወፍ ልናይ አብረን ስንወጣ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው።

የትኛዋን ወፍ ነው የምትለው?

በእንግሊዝኛው አፍሪካን ግሬይ ፍላይካቸር የምትባለዋን። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት። የምትኖረው በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላዎች ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ትገኛለች። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው የወፍ ተመራማሪ ራይሸኖቭ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1887 ነበር። የሰጣት ስም ማይክሮሪንኩስ ትርጉሙ «ባለ ትንሽ ምንቃር» ነው። የመጀመሪያው ስሟ፣ ማለትም የወገኗ ስም፣ ግን እስካሁን አልረጋም። አንዱ መጽሐፍ ብራዶርኒስ ሲላት ሌላው ሜላኖርኒስ ይላታል። ሁለቱም ያው እሷው ናት፤ ሁለት ወፍ መስሏችሁ አትደናገሩ።

«ዝንብ አዳኝ» የአማርኛ ስሟ ነው?

አይደለም፤ ለዚህ ገጽ ያወጣሁላት ነው። ገጠር ብትጠይቁ «ወፍ ናት» ወይም «ድንቢጥ» ትባላላችሁ። ትንሽና ቡናማ የሆነ ሁሉ ድንቢጥ ነዋ! ሥራዋን የሚናገር ስም ይሻላል ብዬ ነው ይህን የመረጥኩት። ልክ እንዲሆን ከተፈለገ ግን ከዝንብ ይልቅ ፌንጣ፣ ምስጥና ጢንዚዛ አዳኝ ብንላት ይቀርባል።

ምን ትመስላለች?

ጀርባዋ ግራጫ ቡናማ፣ የተጣራ የከሰል አመድ ዓይነት። ሆዷ ነጣ ያለ ነው፤ ደረቷ ላይ ግራጫው ሳሳ ብሎ ይወርዳል፣ ጉሮሮዋ ይነጣል። የክንፏ ላባዎች ጠርዛቸው ፈዘዝ ያለ ነው። ምንቃሯ አጭርና ጥቁር፣ እግሯም ጥቁር። አናቷ ላይ ቀጫጭን ጠቆር ያሉ ሰረዞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን በሁሉም ወፍ ላይ እኩል አይጎሉም፣ ከሩቅም አይታዩም። ወንድና ሴቷ አንድ ዓይነት ናቸው። ከጎጆ ከወጡ ያልቆዩት ጫጩቶች ብቻ ነጠብጣብ የበዛበት ላባ ለብሰው ታዩዋቸዋላችሁ።

ይህን አንብባችሁ «ታዲያ ምኗ ነው የሚለያት?» ካላችሁ ትክክል ናችሁ። በላባዋ ለመለየት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሲሳሳት አይቻለሁ። እኔም ዓመታት ተሳስቻለሁ።

ላባዋ ካልረዳኝ በምን እለያታለሁ?

በአቀማመጧ፣ በአስተዳደኗ እና በቦታዋ።

ከአቀማመጧ እንጀምር። ዝንብ አዳኝ ቁጥቋጦ ውስጥ አትርመሰመስም። ከቁጥቋጦው ውጭ፣ በጎኑ በኩል በወጣ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከሰው ቁመት ብዙም ከፍ ሳትል፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ጸጥ ትላለች። ጭንቅላቷ ግን አያርፍም፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከሁሉም በላይ ወደ መሬት። ደጅ ወንበር አውጥተው መንገደኛ የሚቃኙ አዛውንት ካያችሁ አቀማመጧን አይታችኋል።

ቀጥሎ አስተዳደኗ። አንድ ነገር መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ ዘላ ትወርዳለች፣ ትለቅማለች፣ ወዲያው ትነሳለች። አየር ላይ የሚበር ነፍሳትም አንዳንዴ ትቀልባለች፤ ግን ዋናው ገበያዋ መሬት ነው። ከወረደች በኋላ ወደዚያው ቅርንጫፍ ወይም አጠገቡ ወዳለው ትመለሳለች። የመመልከት ምስጢሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ወፏ በርራ ብትሄድባችሁ አትከተሏት። ቅርንጫፉን ያዙ፣ የርቀት መነጽራችሁን እዚያው ላይ አስተካክሉ፣ ጠብቁ። ስትመለስ መነጽሩ ውስጥ ራሷ ትገባላችኋለች። ጀማሪ ወፉን ያሳድዳል፣ የለመደ ሰው ቅርንጫፉን ይጠብቃል።

ቦታዋ ደግሞ ክፍት የሆነ ደረቅ ቆላ ነው። እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ የተራራቀ ግራር፣ በመካከሉ ሣሩ የሳሳ ወይም የተራቆተ መሬት። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ወይም ደጋ ላይ ያያችሁት ግራጫ ወፍ እሷ አይደለችም ብሎ መጀመር ያዋጣል።

ከየትኞቹ ወፎች ጋር ትምታታለች?

ከብዙዎች። የኔን ስሕተት ላስቀድም።

ከዓመታት በፊት በሰኔ ወር ላንጋኖ አካባቢ አንዷን አየሁና ማስታወሻዬ ላይ በኩራት «ስፖትድ ፍላይካቸር» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ለአንድ የቆየ ወፍ ተመልካች ሳሳየው ደብተሩን ዘጋና «ወንድሜ፣ እሷ አሁን አውሮፓ እንቁላል ታቅፋለች» አለኝ። ላባውን አይቼ ወሩን ረሳሁት።

ስፖትድ የሚሏት ሰረዛማዋ ዝንብ አዳኝ መንገደኛ ናት። በአውሮፓና በእስያ ጫጩቶቿን ትፈለፍልና ክረምታቸው ሲደርስ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። በኛ አገር የምታልፈው በአብዛኛው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ስትመለስ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ስሟ ነጠብጣብ ይበላት እንጂ ያላት ሰረዝ ነው፤ ግንባሯም ደረቷም ላይ ተሰምሯል። ሩቅ ተጓዥ ስለሆነች ክንፏ ይረዝማል፣ ስትቀመጥም የክንፏ ጫፍ ጅራቷ ላይ ገፋ ብሎ ይታያል። ግራጫዋ ግን ደረቷ ንጹሕ ነው፣ ክንፏም አጭር ነው። እንግዲህ በመስከረም አዋሽ ላይ ቆማችሁ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያኔ ደረቱን ተመልከቱ። በሰኔና በሐምሌ ከሆነ ግን ቀን መቁጠሪያው ይፈርድላችኋል።

ሁለተኛዋ ፈዛዛዋ ዝንብ አዳኝ፣ ፔል ፍላይካቸር፣ ናት። የምታስቸግረው እሷ ናት፤ አስተዳደኗ አንድ ዓይነት ነው። ከግራጫዋ ትንሽ ትረዝማለች፣ ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ጅራቷም ረዘም ይላል፣ መልኳ ከግራጫ ወደ ቡናማ ያደላል፣ አናቷ ሰረዝ የለውም። የምትወደው ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ዛፍ የበዛበትን ዱር ነው። እሾሃማው ቁጥቋጦ ከዛፋማው ዱር በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። እዚያ ላይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ከሁለቱ አንዷ» ብላችሁ ጻፉ። አያሳፍርም። በግምት የተሞላ ደብተር ነው የሚያሳፍረው።

ጋምባጋ የምትባል ሌላ ትንሽ ዝንብ አዳኝም በደረቅ ዱር አለች። ሰረዛማዋን ትመስላለች፣ ግን የደረቷ ሰረዝ ደብዛዛ ነው። የታችኛው ምንቃሯ ሥር ቢጫ ሲሆን የግራጫዋ ግን ጥቁር ነው። ብዙ ጊዜ አትገጥማችሁም።

ከወገኗ ውጭ ካሉት መለየቱ ይቀላል። ግራጫ ሆና ቁጥቋጦ ውስጥ ለውስጥ እየተሹለከለከች ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዝ ቀጭን ወፍ ካያችሁ ግሬይ ሬን ዋርብለር ናት፤ ዝንብ አዳኟ እንዲህ አትቅበጠበጥም። ከቅርንጫፍ ወደ መሬት እየወረደች የምታድን፣ ግን ትልቅና ምንቃሯ እንደ ጭላት የተቆለመመ ከሆነ ሽራይክ የሚሏቸው ወገን ናት። መሬት ላይ ቀጥ ብላ ቆማ የምትራመድ፣ ስትነሳ ወገቧ ነጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ዊትኢር ናት።

ደቡብ ኦሞ ወይም ጋምቤላ ከሄዳችሁ ጀርባዋ ብር የመሰለ፣ ሆዷ እንደ ሸክላ የቀላ ዝንብ አዳኝ ልትገጥማችሁ ትችላለች። ሲልቨርበርድ ናት። ከምንም ጋር አትምታታም፤ ዕድለኛ ናችሁ ማለት ብቻ ነው።

የት ብሄድ አገኛታለሁ?

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጅቡቲው መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ለመድረስ አያስቸግርም። ብዙ ሰው ሳላ ለማየት በቀጥታ ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ ይከንፋል። ለኛ ወፍ ግን ሜዳው ሣር ብቻ ስለሆነ አይጠቅምም። ሜዳው አልቆ ቁጥቋጦው የሚጀምርበት ጠርዝና ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ዳር ያለው እሾሃማ ዱር ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. በፓርኩ አካባቢ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ ተደጋግሞ ስለነበር፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው የአብጃታ ሻላ ፓርክና የላንጋኖ ዙሪያ ነው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት ዳር። በሩን አልፋችሁ ወዲያው ግራር ውስጥ ናችሁ። በእግር ለመዘዋወር ከአዋሽ ይመቻል።

ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ቦረና ይውረድ። ያቤሎ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ ለአንዲት ግራጫ ወፍ ብቻ አይኬድም። ግን እዚያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኘው የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራና ነጭ ጅራቷ ጨረባ መሳይ ወፍ፣ ኋይት ቴይልድ ስዋሎው፣ አሉ። እነሱን ስታስሱ ግራጫዋ በየቁጥቋጦው ጫፍ ላይ በነፃ ትጨመርላችኋለች።

በስንት ሰዓት ልውጣ?

ወፍ እንደተንጫጫ። ቆላ ውስጥ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:30 ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። አምስት ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ መነጽሩ ውስጥ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ወፎቹም ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይነቃቃሉ። ፀሐይን ሁልጊዜ ከጀርባችሁ አድርጉ። ፀሐይ ከፊት ለፊታችሁ ከሆነ ግራጫዋም ቡናማዋም ጥቁር ይሆኑባችኋል።

በየትኛው ወር?

ዓመቱን ሙሉ አገሯ ላይ ናት፤ አትሰደድም። ለዓይን የሚቀለው ግን ግራሩ ቅጠሉን ያራገፈበት በጋ ነው፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት። ለጀማሪ ታኅሣሥና ጥርን እመክራለሁ፤ መንገደኛዋ አብዛኛዋ አልፋ ወደ ደቡብ ስለሄደች መምታታቱ ይቀንሳል።

ምን መያዝ አለብኝ?

ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው የርቀት መነጽር ይበቃል። ስምንት ጊዜ ያቀርባል፤ አርባ ሁለቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን የጠዋት ብርሃን በደንብ ያስገባል። አሥራ ሁለት ወይም ሃያ ጊዜ የሚያቀርበውን አትግዙ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይጨፍራል። ከዚያ ውኃ፣ ኮፍያ፣ እሾህ የማይበሳው ጫማ፣ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ልብሱ የአፈር ቀለም ይሁን። በዓል የምትሄዱ ይመስል ነጭ ለብሳችሁ ከመጣችሁ ወፎቹ ቀድመው ያዩዋችኋል።

በፓርክ ውስጥ ከመኪና ወርዶ ለመሄድ ከፓርኩ ስካውት ጋር መሆን አለባችሁ። ከፓርክ ውጭ ደግሞ መሬቱ ባለቤት አለው። በከረዩም በአፋርም በቦረናም የግጦሽ መሬት ላይ መነጽር አንግቶ ዝም ብሎ የሚዞር ሰው ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ቢጠረጠርም አይፈረድም። ሰላምታ ይቅደም፤ ሥራችሁን ተናገሩ፣ መነጽሩንም ስጧቸው ይዩበት። አንድ ጊዜ አብጃታ ላይ አንድ እረኛ ልጅ ቁጥቋጦ ላይ አፍጥጬ ሲያየኝ ቆይቶ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ። ወፍ እያየሁ መሆኑን ስነግረው ሳቀና፣ እኔ ግማሽ ሰዓት የፈለግኳትን ወፍ በዱላው ጫፍ አሳየኝ። ከኋላዬ ነበረች።

ድምጿን ሰምቼ ላገኛት እችላለሁ?

«ወፍ እንዳገሩ ይጮሃል» ይባላል፤ የሷ አገር ጸጥተኛ ነው መሰል ብዙም አትጮህም። ቀጭን፣ ዝቅ ያለ ጭውጭውታ አላት። ነፋስ ካለ አትሰሟትም። ለዚህች ወፍ ጆሮ ሳይሆን ዓይን ነው የሚያገለግለው።

በስልኬ ድምጿን አጫውቼ ብጠራትስ?

አታድርጉት። ወፏ ሌላ ተቀናቃኝ ክልሏ የገባ ይመስላትና አደኗን ትታ ስትጨነቅ ትውላለች። ደግሞም አያስፈልግም፤ በግልጽ ቦታ ለምትቀመጥ ወፍ ምን ጥሪ ያሻል? አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ከስልክ ይበልጣል።

ጎጆዋን ባገኝ?

እሾህ መካከል የምትሠራት ትንሽ የስኒ ቅርጽ ያላት ጎጆ ናት። ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። የተሻለ ፎቶ ለማንሳት ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ እሾሁ ለሷ አጥር ነው፣ ከተነሳ ቁራውም እባቡም ይገባል። እናቲቱ ምግብ በአፏ ይዛ ከአጠገባችሁ እየተመላለሰች ወደ ጎጆው አልገባ ካለች ችግሩ እናንተ ናችሁ።

አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ግራጫ ዝንብ አዳኝ አይቻለሁ። እሷ ናት?

አይደለችም። ያያችሁት አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር ሳትሆን አትቀርም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ወፍ ናት፤ በሌላ አገር የለችም። ከላይ ጠቆር ያለች፣ ከታች ግራጫ፣ ዓይኗ ነጣ ያለ ቢጫ። የቤተ ክርስቲያን አጸድና ዛፍ ያለው ግቢ ትወዳለች። እንግዳ ስንት ሺህ ዶላር ከፍሎ ሊያያት የሚመጣውን ወፍ በነፃ ከመስኮት እያያችሁ ነው።

የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባታል?

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ አሳሳቢ ደረጃ ላይ አይደለችም፤ የምትኖርበት አገር ሰፊ ነው። ይህ ግን ዝርያዋን በጅምላ ነው የሚያየው። እኔ የማውቀው መንገድ ዳር ያለውን ግራር ነው። በስምጥ ሸለቆ አስፋልት ላይ የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያየ ሰው የማን ቅርንጫፍ እንደሆነ ይገባዋል። ከሰል የሚያከስለው ሰው ሌላ ገቢ ቢኖረው አያከስልም፤ እሱን መውቀስ ቀላል ነው፣ ከሰሉን የምንገዛው ግን እኛ ከተሜዎቹ ነን።

አፋር ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለ። ከላቲን አሜሪካ የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ወርሮታል። «ቁጥቋጦ ከበዛ ለሷ አይሻልም?» የሚለኝ አለ። የምታድነው መሬቱን እያየች ስለሆነ በተዘጋ ጥሻ ውስጥ ምን ትሠራለች? ከብት የማያልፍበት ጥሻ ለሷም የሚሆን አይመስለኝም።

ያየሁትን የት ልመዝግብ?

ደብተራችሁ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ላይ እንደተቀመጠችና ምን ስታደርግ እንደነበር ጻፉ፤ ላባው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከዚያ ኢበርድ በሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል መድረክ ላይ በነፃ ማስገባት ትችላላችሁ። ስልክ ላይም ይሠራል፤ ኔትወርክ በሌለበት መዝግባችሁ ከተማ ስትገቡ ትልካላችሁ። አገር ውስጥ ሰው ማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው።

አንድ ጠዋት ሙሉ ፈልጌ ባላገኛትስ?

ወፍ የለም ማለት ነዋ! በሚቀጥለው ጊዜ ከመሄድ ይልቅ ቁሙ። አብዛኛው ሰው የማያገኛት ስለሚራመድ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ባለሁበት ላያት እችላለሁ?

ግራጫዋን አይደለም፤ መንገደኛዋን ግን አዎ። አውሮፓ ያላችሁ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ድረስ ሰረዛማዋን በመናፈሻና በቆዩ መቃብር ቦታዎች ፈልጓት፤ ከአጥር ወይም ከሐውልት ላይ ተነስታ ነፍሳት ቀልባ ስትመለስ ታገኟታላችሁ። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ በሁለቱ የጉዞ ወቅቶች ስታልፍ ልታዩዋት ትችላላችሁ። አሜሪካ ያላችሁት ፍላይካቸር የሚባሉ ብዙ ወፎች አሏችሁ፤ ነገር ግን እነሱ በሥራ እንጂ በዘር አይገናኙም፣ ቤተሰባቸው ሌላ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ድልድይ ሥር ጎጆ የምትሠራ፣ ተቀምጣ ጅራቷን ዝቅ ከፍ የምታደርግ ግራጫ ቡናማ ወፍ ካያችሁ ኢስተርን ፊቢ ናት። ቅርንጫፉን የመጠበቁ ዘዴ ግን ለእሷም ይሠራል።